ባል የለኝም፤ በአደራ የማሳድገውን ልጅ በጉዲፈቻ የራሴ ማድረግ እችላለሁ?

ጥያቄው፦ «38 ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ ቤት እኖራለሁ። ወላጆቹ ያልታወቁ አንድ ሕፃን ከማሳደጊያ ድርጅት በአደራ ተቀብዬ ማሳደግ ከጀመርኩ 20 ወር ሆነኝ። አሁን 4 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ‹እማ› ይለኛል። በሕግ ልጄ እንዲሆን ብጠይቅ አንዲት ሠራተኛ ‹ባልና ሚስት ቢሆን ይሻላል፤ የራስሽ ቤትም የለሽም› አለችኝ። እውነት ሕጉ ይከለክለኛል? ካልከለከለኝስ ከየት ልጀምር?»

አይከለክልዎትም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 184 ከጉዲፈቻ አድራጊ የሚፈልገው ዕድሜ ነው፤ ከ25 ዓመት ያላነሰው ማንኛውም ሰው ጉዲፈቻ ማድረግ ይችላል። ባል ወይም ሚስት ይኑረው አይልም፤ የራሱ ቤት ይኑረውም አይልም። ግራ የሚያጋባው አንቀጽ 186 ነው። ባለትዳር የሆነ ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር በጋራ ካልሆነ ጉዲፈቻ ማድረግ አይችልም ይላል። ከዚህ ውጭ የሚሆነው አንዱ የሌላውን ልጅ በጉዲፈቻ ሲወስድ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ፈቃዱን መግለጽ የማይችል ሲሆን ነው። ድንጋጌው የሚገታው ትዳር ውስጥ ያለውን ሰው ነው፤ ብዙ ሰው ግን «በጋራ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ «ላላገባ አይፈቀድም» ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለቱን አንቀጾች አትመው ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ። ከሠራተኛዋ ጋር ከመከራከር ጽሑፉን አብሮ ማንበብ ይበልጥ ያግባባል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ግልጽ ያድርጉ። ሳይጋቡ አብሮዎት የሚኖር ሰው ካለ አይደብቁ። ቤትዎን ለማጥናት የሚመጣው ባለሙያ እዚያ የሚያድረውን ሁሉ ይጠይቃል፤ የተደበቀ ሰው መገኘቱ ካለማግባትዎ በብዙ እጥፍ ይጎዳዎታል።

የጠቀስኩት ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ክልል ውስጥ የሚኖር አንባቢ የአንቀጽ ቁጥሮቹን በክልሉ ሕግ ያመሳክር።

ሠራተኛዋ «አይቻልም» ሳይሆን «ይሻላል» ማለቷን ልብ ይበሉ። መድልዎ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እንዲህ በምክር መልክ ነው። የሚሻለው ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው? ለዚህ ልጅ የቀረበው ምርጫ እርስዎና አንድ የታሰበ ፍጹም ቤተሰብ አይደሉም። ምርጫው 20 ወር «እማ» ሲላት በኖረች ሴት ቤት መቆየት ወይም ወደ ማሳደጊያው ተመልሶ እንደገና መጠበቅ ነው። በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ ወላጅ ላጣ ልጅ ቋሚ ቤተሰብ የሚገኘው እዚሁ አገር ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ወላጅ አልባ ሕፃናት በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት እንዲያበረታታ ያዛል። ዝግጁ የሆነችን እናት በጋብቻ ሁኔታዋ ብቻ መመለስ ከዚህ ጋር አይሄድም።

ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው ምንድን ነው? አንቀጽ 194 መልስ አለው። የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ዋጋ የለውም፤ ዳኛውም ከማጽደቁ በፊት ነገሩ ለልጁ ደኅንነት የሚበጅ መሆኑን ያረጋግጣል። የሚያያቸው ነገሮች የልጁ አስተያየት፣ አድራጊው ልጁን ለማሳደግና ለመንከባከብ ያለው ችሎታ፣ እንዲሁም የአሳዳሪው፣ ማለትም ልጁን በሕግ በኃላፊነት የያዘው አካል፣ አስተያየት ናቸው። ከዚህ ጎን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ይጠቅምዎታል። በዚያ ጉዳይ ልጅን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ባሳደገች አክስትና በወላጅ አባት መካከል ክርክር ተነስቶ፣ ችሎቱ የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ ወስኗል። የሰበር የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ጉዳዩ የጉዲፈቻ ባይሆንም፣ ልጅ ከአሳደገው ሰው ጋር ያለው ትስስር ሚዛን እንደሚደፋ በአቤቱታዎ ላይ ለመጥቀስ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ስለዚህ መዝገብዎን «እኔ ብቁ ነኝ» በሚል ሳይሆን «ይህ ልጅ በዚህ ቤት እንዲህ ሆኖ አድጓል» በሚል ይገንቡት። የ20 ወሩን ማስረጃ ይሰብስቡ፦ የክትባት ካርድ፣ የክሊኒክ ካርድ፣ ክብደትና ቁመቱ የተመዘገበባቸው ቀኖች፣ ከመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ስለ ጠባዩና ስለ ለውጡ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ቀን ያለባቸው ፎቶግራፎች። «ሲመጣ አይናገርም ነበር፤ አሁን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራል» የሚል አንድ የመምህርት መስመር ከአሥር የመልካም ጠባይ ምስክርነት ይበልጣል። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋል፤ ስለ ራሱ ወረቀት ሲሰበስብ ስለ ልጁ አንድም ሳይይዝ ይቀርባል።

የልጁ የሕግ ሁኔታ ደግሞ ጉዳዮች በብዛት የሚታሰሩበት ቦታ ነው። ወላጆች በሕይወት ካሉና ከታወቁ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያልታወቁ ሲሆኑ ግን አለመታወቃቸው ራሱ በማስረጃ መደገፍ አለበት። ከድርጅቱ የሚከተሉትን ይጠይቁ፦ ፖሊስ ልጁን መቼ፣ የት፣ ማን አግኝቶት እንደተረከበው የሚገልጽ ደብዳቤ፤ ወደ ማሳደጊያው የተላከበት ደብዳቤ፤ ቤተሰቡ እንደተፈለገና እንዳልተገኘ የሚያሳይ ሰነድ፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ፤ የዕድሜ ግምት ከተሰጠውም የሐኪሙ ማስረጃ፤ ከእርስዎ ጋር የተፈረመው የአደራ ስምምነት። ወንድም ወይም እህት አብሮት ተገኝቶ እንደነበርም ይጠይቁ። ካለ፣ ከመፈረምዎ በፊት ማወቅዎ ለልጁም ለእርስዎም ትልቅ ነገር ነው።

ሰነዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያነጻጽሯቸው። የፖሊሱ ደብዳቤ «ዕድሜው 1 ዓመት ገደማ» ሲል የክሊኒኩ ካርድ 2 ዓመት ካለ፣ ዳኛው ሁለት ልጅ ነው ወይስ አንድ ብሎ ይጠይቃል፤ መዝገቡም ለሌላ ቀጠሮ ይተላለፋል። የስም አጻጻፍ ሌላው ወጥመድ ነው። አንዱ ጋ በ«ፀ»፣ ሌላው ጋ በ«ጸ»፤ አንዱ ጋ በ«ሐ»፣ ሌላው ጋ በ«ሃ» የተጻፈ ስም ጉዳዩን ሲያጓትት ይታያል። ስህተቱን ያገኙት እርስዎ ከሆኑ ድርጅቱ በደብዳቤ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ችሎት ላይ ከተገኘ ግን ወራት ይወስዳል። ስለ ዜግነቱ አይጨነቁ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን የውጭ ዜግነት እንዳለው ካልተረጋገጠ በቀር ከኢትዮጵያዊ እንደተወለደ ይቆጠራል።

ከእርስዎ በኩል ብዙውን ጊዜ የሚጠየቁት የነዋሪነት መታወቂያ፣ ያላገባ ማስረጃ፣ ከመሥሪያ ቤት የደመወዝ ማስረጃ፣ ከወንጀል ነጻ መሆንዎን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ፣ የጤና ማስረጃና ፎቶግራፍ ናቸው። እነዚህ ማስረጃዎች የአገልግሎት ጊዜያቸው ስለሚያልፍ የልጁ ሰነድ ሳይሟላ አስቀድመው አያውጧቸው፤ ሁለቴ መሮጥ ይሆናል።

ሠራተኛዋ ያነሳችው የኪራይ ቤት ጉዳይ መልስ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት በጽሑፍ የተደረገና የተመዘገበ የቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት ያላነሰ ዘመን አለው። የተመዘገበ ውልዎን ያያይዙ፤ «ነገ ከቤት ብትወጣስ?» ለሚለው ጥያቄ ይህ በቂ ምላሽ ነው። ገቢን በተመለከተ ደግሞ ትልቅ ቁጥር ለማሳየት አይሞክሩ። ከዘመድ ተበድሮ የባንክ ሒሳብ ለአንድ ወር ማሳበጥ ለማንም ባለሙያ በግልጽ ይታያል። ከዚያ ይልቅ በአንድ ገጽ ላይ የተጣራ ደመወዝዎን፣ ኪራዩን፣ አስቤዛውን፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን፣ ትራንስፖርቱን፣ በየወሩ የሚያስቀምጡትን ይጻፉ። 20 ወር በዚሁ ገቢ እንዳሳደጉት ያሳያል።

የጤና ማስረጃም መድልዎ የሚገባበት በር ነው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ ወይም ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው ሕክምናውን በአግባቡ እስከተከታተለ ድረስ ልጅ ማሳደግ ይችላል። ሐኪምዎ የበሽታ ዝርዝር ከሚጽፍ ይልቅ «ልጅ ለማሳደግ የሚያግዳት የጤና ችግር የለባትም» ብሎ የሙያ ድምዳሜውን እንዲያሰፍር ይጠይቁት። ለአካል ጉዳተኛም እንዲሁ ነው፤ የሚታየው ልጁ እንክብካቤ ማግኘቱ ነው፣ እንክብካቤው በምን መንገድ እንደሚሰጥ አይደለም። በሃይማኖትና በብሔር ላይ የሚነሳ ጥያቄ ቢኖር የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 ይጥቀሱ።

«ብትታመሚ ማን ያሳድገዋል?» የሚለው ጥያቄ ግን መድልዎ አይደለም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለባለትዳርም መቅረብ ያለበት ነው። እህትዎ፣ ወንድምዎ ወይም የቅርብ ወዳጅዎ ችግር ቢመጣ ልጁን እንደሚረከብ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ፣ የሚቻል ከሆነም በቤት ጥናቱ ቀን እንዲገኝ ያድርጉ።

የቤት ጥናቱ ሲመጣ ቤቱን አይቀይሩት። ባለሙያው የሚያየው ልጁ የት እንደሚተኛ፣ ውሃና መጸዳጃው፣ ግቢው ውስጥ ማን እንዳለ፣ እርስዎ ሥራ ሲሆኑ ማን እንደሚጠብቀው፣ ሲያጠፋ እንዴት እንደሚቀጡት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ልጁ ሲደነግጥ ወደ ማን እንደሚሮጥ ያያል። አዲስ ልብስ ለብሶ «ቁጭ በል፣ ሰላም በል» እየተባለ የሚጨነቅ ልጅ መጥፎ ሥዕል ይሰጣል።

ከዚያ የሚቀጥለው እንዲህ ነው። ልጁን በኃላፊነት የያዘው ድርጅት ስለ ልጁ ማንነት፣ እንዴት እንደተረከበው፣ ስለ እርስዎም የግል፣ የማኅበራዊና የኢኮኖሚ ሁኔታ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በቂ መረጃ ይሰጣል (አንቀጽ 192)። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ነው። እርስዎና ድርጅቱ የጉዲፈቻ ስምምነት ትፈርማላችሁ፤ ስምምነቱ እንዲጸድቅ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከቃለ መሐላና ከማስረጃ ዝርዝር ጋር አቤቱታ ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ የቢሮውን አስተያየት ይጠይቃል፤ እርስዎንም ይሰማል፤ ልጁንም ሊያይ ይችላል። ልጁን መልስ አያስጠኑት። ሌላው ጊዜ ነው፦ ነሐሴና መስከረም ፍርድ ቤቶች ለእረፍት ስለሚዘጉ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ የተከፈተ መዝገብ ብዙ ጊዜ እስከ ጥቅምት ይጠብቃል።

መንገድ ላይ «አይሆንም» ከተባሉ ቃሉን በቃል አይቀበሉ። ማመልከቻዎን በጽሑፍ አስገብተው የገቢ ቁጥር ይቀበሉ፤ መልሱም ምክንያቱንና አንቀጹን ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ በትሕትና ይጠይቁ። «ባል የላትም» ብሎ በማኅተም ለመጻፍ የሚደፍር ጥቂት ነው፤ ብዙ ክልከላ እዚህ ላይ ይፈታል። ካልተፈታ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ቢሮ፤ ቀጥሎም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ወደ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤት ማለት ይቻላል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ከሆነ ይግባኝ አለ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ካነሰዎ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

በዚህ መሀል «ለምን ትለፊያለሽ?» የሚል ሰው ይመጣል። አንዱ «እንደወለድሽው አድርገሽ የልደት ካርድ አውጪለት» ይላል። አያድርጉት። ሐሰተኛ ማስረጃ ከመሆኑም በላይ፣ ከዓመታት በኋላ ውርስ ሲነሳ ዘመድ የዘረ መል ምርመራ ይጠይቃል፤ ያኔ ልጅዎ ልጅነቱን የሚያስረዳበት ምንም ወረቀት አይኖረውም። ሌላው በሽማግሌ ፊት ፈርሞ መያዝን ይመክራል፤ እሱም ካልጸደቀ ዋጋ የለውም። ሦስተኛው የሞግዚትነት ማስረጃ ነው። ሞግዚትነት ልጁን ወክሎ ለመፈጸም ያስችላል እንጂ ልጅነትን አይፈጥርም፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል፤ አያወርስም። አሁን ያለዎት ፎስተር ኬር የሚባለው የአደራ ቤተሰብነትም ቢሆን ሊቋረጥ የሚችል ጊዜያዊ ኃላፊነት ነው። ልጁን «አመቻችልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠመዎ ደግሞ ወዲያው ይራቁ።

ጉዲፈቻው ሲጸድቅ ልጁ በሁሉም ነገር የእርስዎ ልጅ ይሆናል፤ እንደወለዱት ልጅም ይወርስዎታል። እንደ ፈለጉ የሚሽሩትም አይደለም። ሊሻር የሚችለው አድራጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲይዘው፣ ለጥቅሙ ሲል ከሥነ ምግባር ውጭ በሆነ ተግባር ሲያሰማራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ሲይዘው ብቻ ነው (አንቀጽ 195)። ወላጅ እናቱ ከዓመታት በኋላ ብትመጣስ? ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና በሕጉ አይጠፋም፤ ነገር ግን ሁለቱ ሲጋጩ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል (አንቀጽ 183)። የእርስዎ ወላጆችና ወንድም እህቶች ግን ጉዲፈቻውን በግልጽ ተቃውመው በጊዜ ገደቡ ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ካስመዘገቡ ውጤቱ በእነሱ ላይ አይጸናም። ስለዚህ ቤተሰብዎን ቀድመው ያማክሩ፤ ልጁ አያት እንዲኖረው ከፈለጉ ይህ ከወረቀቱ እኩል ሥራ ነው።

የውሳኔውን በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ ከአንድ በላይ ያውጡ። በሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ቀርበው ጉዲፈቻው በልደት መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ። ስሙን በተመለከተ ከአሁኑ ያስቡበት። በእኛ አጠራር ከልጁ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው፤ ያላገባች እናት ልጅ በምን ስም እንደሚጠራ በአቤቱታው ላይ በግልጽ ካልተጠየቀና በውሳኔው ላይ ካልሰፈረ መዝጋቢው መጻፍ ይቸግረዋል። ልጁ የሚጠራበትን የራሱን ስም ግን ባይቀይሩት እመክራለሁ፤ ከነበረው ነገር ሁሉ ይዞት የመጣው እሱን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ኑዛዜ ይጻፉ። ብቸኛ ወላጅ ስለሆኑ፣ ቢሞቱ አሳዳሪና ሞግዚት የሚሆነውን ሰው በኑዛዜ መሰየም ይችላሉ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በእርስዎና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ይህ መፈጸሙና ቀኑም በጽሑፉ ላይ ይገለጻል፤ ሁላችሁም ትፈርማላችሁ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ሥራን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን ከእርግዝናና ከመውለድ ጋር ስላያያዘው ዓመታዊ ፈቃድዎን ለቀጠሮዎቹ ይቆጥቡ።

የቀረው ትልቁ ነገር ለልጁ መንገር ነው። ጎረቤት ወይም የክፍል ጓደኛ ሳይቀድምዎ፣ አሁን በ4 ዓመቱ ይጀምሩ። በዚህ ዕድሜ ሁለት ሦስት ቀላል ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ከሆዴ አልወጣህም። ሌላ እናት ወለደችህ፤ ልታሳድግህ አልቻለችም። እኔ ላሳድግህ መጣሁ፤ ልጄ ነህ፤ ሁልጊዜም ልጄ ነህ።» «ተጥለህ ተገኘህ» የሚለውን የሰነድ ቋንቋ ወደ ቤት አያስገቡት። ስለማያውቁት ነገር ቆንጆ ታሪክም አይፍጠሩለት፤ በ12 ዓመቱ ሲያጣራው ከሌላው ነገር ሁሉ ጋር አብሮ ይፈርሳል። «ለምን አልቻለችም?» ሲል «አላውቅም፤ ግን አንተ ባጠፋኸው ነገር አይደለም» ይበሉት። ልጆች ይህን ሁለተኛውን ክፍል ደጋግመው መስማት ይፈልጋሉ።

ምግብ ትራስ ሥር ቢደብቅ፣ እርስዎ ዘግየት ሲሉ ቢያለቅስ፣ ወይም መዝገቡ በሚታይበት ሰሞን አልጋ ላይ መሽናት ቢጀምር አይቆጡት፤ ቤት ሊቀይር መስሎት ይሆናል። ሲወጡ ሰዓትዎን ነግረውት በተናገሩበት ሰዓት መመለስዎ ከብዙ ማባበል የተሻለ ይረዳዋል። የፖሊሱን ደብዳቤ ቅጂ፣ ወደ ቤትዎ ሲመጣ የለበሰውን ልብስ፣ የማሳደጊያውን ፎቶግራፍና እዚያ የተንከባከቡትን ሰዎች ስም በአንድ ሳጥን ያኑሩለት፤ ሲጠይቅ አብራችሁ ትከፍቱታላችሁ።